ለቀብር የሚቆመው ቅሬ፣ የወሎው እድር፣ ለስንቅ ተማሪም ይቁም

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጠዋት ሰልፍ ላይ የሚነገረው ዜና ከዓመት ዓመት አይለወጥም። ባንዲራ ይሰቀላል። የሚኒ ሚዲያው ማይክ ሁለት ሦስቴ ያፏጫል። ዘጠነኛ ቢ ዘጠነኛ ዲን በእግር ኳስ ረቷል። ጸጉሩን ያላስተካከለ ነገ ወላጅ ይዞ ይምጣ። መታወቂያ የጠፋበት ዩኒት መሪውን ያነጋግር። ከዚያ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ስለ ማርፈድ ረዘም ያለ ተግሳጽ ይሰጣሉ። የሚሰሟቸው በሰዓቱ የደረሱት ናቸው፤ ያረፈደውማ በር ላይ ቆሟል።

ትልቁ ዜና ደግሞ በዓመት አንዴ ከአዲስ አበባ ይመጣል። የ12ኛ ክፍል ውጤት ነው። ከ2014ቱ ፈተና ጀምሮ ተፈታኙ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ከገባ ወዲህ ቁጥሩን በቃላችን ይዘነዋል። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ነበር። በ2015 አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328 ናቸው ተባለ። ያን ሰሞን ፌስቡክ ላይ ተነታረክን። አንዱ መምህሩን፣ አንዱ የድሮ ኩረጃን፣ ሌላው ቲክቶክን ረገመ። ከዚያ ወሬው ቀዘቀዘ።

እኔ ዋናው የትምህርት ቤት ዜና በሰልፉም በውጤቱም ውስጥ አይገኝም ባይ ነኝ። እሑድ ከሰዓት መንገድ ላይ ነው ያለው።

ወሎ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለበትን የትኛውንም ትንሽ ከተማ ውሰዱ። ሐይቅ ይሁን መርሳ፣ ኩታበር ይሁን ውጫሌ። እሑድ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ልጆች ከየገጠር ቀበሌው ወደ ከተማ ይገባሉ። ማዳበሪያ የተሸከመ አለ፣ ፌስታል ያንጠለጠለ አለ። የሳምንት ስንቃቸው ነው። ስምንተኛን ሰፈራቸው ጨርሰው ዘጠነኛን ለመማር ከተማ ቤት የተከራዩ ናቸው። አርብ ከትምህርት መልስ ወደ ቤተሰብ፣ እሑድ ደግሞ ወደ ኪራይ ቤት። እግር መንገዱ የስንት ሰዓት እንደሆነ ጫማቸውን አይቶ መገመት ይቻላል።

ክፍሏ ውስጥ ሦስት ወይም አራት ሆነው ይኖራሉ። አንድ ፍራሽ፣ አንድ ጀሪካን፣ አንድ የከሰል ምድጃ። ግድግዳው ላይ ጋዜጣ ተለጥፎ፣ ጋዜጣው ላይ በእስክሪብቶ የሂሳብ ቀመር ተጽፎበታል። ስንቁ ከቆላ ከመጣ የማሽላ እንጀራ ነው። ሰኞ ይጣፍጣል፤ ረቡዕ ይሰነጣጠቃል፤ ሐሙስ ድርቆሽ አድርገው በሽሮ ያርሱታል። ከደጋ የመጣው ልጅ በሶና ቆሎ ስለሚይዝ በሳምንቱ መጨረሻ ጌታ እሱ ነው። ሁሉም ወደሱ ይጠጋል። አርብ ስድስተኛ ፔሬድ ላይ ፊዚክስ የሚያስተምር መምህር ልጆቹ ለምን እንደሚያንቀላፉ ከገረመው፣ መልሱ ማዳበሪያው ውስጥ ነው። የትምህርት ቤት ምገባ የሚባለው ፕሮግራም በአብዛኛው የታችኛውን ክፍል ነው የሚያየው። ዘጠነኛ የደረሰ ልጅ ራሱን ይችላል ተብሎ ይሆናል። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ!

መብራቱ ሌላ ጣጣ ነው። ብዙ አከራይ ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን «በሉ አጥፉ ልጆቼ፣ ቆጣሪው በላኝ» ይላል። ክፋት አይደለም፤ የኪራዩ ገንዘብ ትንሽ ነው፣ ቆጣሪው ደግሞ የጋራ ነው። ልጆቹ በሞባይል ባትሪ ያጠናሉ፤ ሞባይሉ ሲሞት ይተኛሉ። ከዚያ ሞዴል ፈተና ይመጣና «ተማሪው አያነብም» እንላለን።

ከእነዚህ ክፍሎች ነው ተማሪ የሚጠፋው። መጀመሪያ ሰኞ ይቀራል። ቀጥሎ ሳምንት። ሆምሩሙ፣ የክፍሉ ኃላፊ መምህር፣ አቴንዳንሱ ላይ በየቀኑ «ቀሪ» ይጽፋል፤ መጨረሻ ላይ በቀይ «አቋርጧል» ይላል። ለምን እንዳቋረጠ የሚያውቁት አብረውት ያደሩት ሁለት ልጆችና አከራይዋ ናቸው። አንዳንዱ ለእርሻ ነው የቀረው። ደጋው ወሎ በልግ አምራች ነው፤ የበልግ እህል የሚታጨደው ሰኔና ሐምሌ ላይ ነው፤ ፈተናም የሚመጣው ያኔውኑ ነው። አንዳንዷ ዐረብ አገር ሄዳለች፤ ደላላው ቤቱን ከመምህሩ ቀድሞ ያውቀዋል። አንዳንዱ ደግሞ በቃ ታሞ፣ የሚያስታምመው አጥቶ፣ ወደ ቤተሰቡ ተመልሶ ቀርቷል። ይሄኛው በጣም ያናድደኛል፤ ከሁሉ በቀላሉ ልናስቀረው የምንችለው እሱ ነውና።

ወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አለ አይደል እንዴ? አለ። ግን የሚሰበሰበው ብዙ ጊዜ መዋጮ ለማስወሰን ነው፤ የሚገኘውም የከተማው ወላጅ ነው። የስንቅ ተማሪው አባት ያንን ቀን ለመሰብሰብ በሌሊት መነሳት አለበት። የቀድሞ ተማሪዎችም አሉ፤ ቴሌግራም ላይ ተሰባስበው ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ይመስገኑ። ነገር ግን አደራ፣ ሌላ የግቢ በር ከነቅስቱ አይሠራልን። በ2014 በጦርነቱ ብዙ የወሎ ትምህርት ቤቶች ወንበራቸው ተሰባብሮ፣ ኮምፒውተራቸው ተዘርፎ ነው የተከፈቱት። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ያለው ግጭት ደግሞ በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤት አዘግቷል። ሰፈሩ ያለው ሲዘጋበት ልጁ ወደ ከተማ ይመጣል፣ ያችው ጠባብ ክፍል ላይ ይደረባል። በዚህ መሃል በር የምናሠራው ለማን እንዲታይ ነው? ገንዘቡ ቤተ መጻሕፍቱን ማታ እስከ አራት ሰዓት ለሚከፍት ሰው አበልና ለአምፖል ቢውል ይሻላል። ለፎቶ ግን አይጥምም፤ እሱን አውቃለሁ።

አሁን ወደ ቅሬ ልምጣ። ሌላው አገር እድር የሚለው፣ ወሎ ላይ እስላሙንም ክርስቲያኑንም በአንድ ያቆመው ቅሬ። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ መዋጮ አለው፣ ቀብር የቀረን ይቀጣል። ቅጣቱም ይፈራል፤ ከቅሬ መውጣት በቁም መቀበር ነው። የቀበሌ ስብሰባ የሚቀር ሰው የቅሬ ስብሰባ አይቀርም። ከዚህም በላይ ለኛ ጉዳይ የሚሆነው ነገር፣ አከራዮቹ በሙሉ ማለት ይቻላል የቅሬ አባል መሆናቸው ነው። አዲስ ኮሚቴ አቋቁመን፣ ማኅተም አስቀርጸን፣ ለአበል የምንጣላበት ምክንያት የለም።

አዛውንቶቹ የሚሉኝን አውቃለሁ። «ልጄ፣ ቅሬ ለሞተ ነው፤ ለቆመው መንግሥት አለለት።» አክብሬ እመልሳለሁ፤ አባቶቼ፣ ቅሬ ለሞተ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ድንኳኑንና ድስቱን ለሠርግ ያውሳል። ጎረቤት ሲጣላ ያስታርቃል። በ2013 መጨረሻ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ሕዝብ ደሴ ሲገባ፣ ትምህርት ቤቶቹ መጠለያ ሲሆኑ፣ እንጀራ ጋግሮ ያቀረበው የየሰፈሩ ሰው አልነበረም ወይ? ያኔ ደብዳቤ የጠበቀ የለም።

ገንዘብ አምጡ እያልኩም አይደለም፤ ኑሮው ለሁሉም ከብዷል። የምለው ቅሬው ሰፈሩ ውስጥ የሚያድሩትን ተማሪዎች ስም ይያዝ ነው። ከማን ቤት እንዳሉ፣ ከየት ቀበሌ እንደመጡ፣ ቤተሰብ ቢፈለግ በማን እንደሚገኝ። ልጅ ሲታመም ጤና ጣቢያ የሚያደርስ ተረኛ ይመደብ፤ ለመቃብር ቁፋሮ ተረኛ ለመመደብ ከቻልን ይሄ ምን ያቅተናል? የመብራቱን ነገር አከራዮቹ ራሳቸው ተነጋግረው በፈተና ሰሞን እስከ አራት ሰዓት ይበራ ብለው ይወስኑ። አንዱ ብቻውን ቢያደርገው ቆጣሪው ይበላዋል፤ ሁሉም ካደረጉት ደግሞ ያላደረገው ያፍራል። የሴት ልጆች ነገር ደግሞ ለብቻው ይታይ። ብቻዋን የምታድር ልጅ ቤት በር ላይ ማን እንደሚያንዣብብ ከትምህርት ቤቱ ይልቅ የጎረቤት እናት ታውቃለች። እሷ ቡና አፍልታ ልጅቷን ስትጠራ፣ «እማማ» የምትላት ሰው ስታገኝ፣ ደላላም ጎረምሳም እግሩ ያጥራል።

ርዕሰ መምህራንም በበኩላቸው አንድ ነገር ያድርጉ። በየመስከረሙ ምዝገባ ላይ የሚሞላ ቅጽ አለ። ስም፣ ዕድሜ፣ የመጣበት ትምህርት ቤት፣ የወላጅ ስልክ ይላል። እዚያው ላይ ሁለት መስመር ይጨመር። ተማሪው የሚያድረው የት ነው? አከራዩ የየትኛው ቅሬ አባል ናቸው? ዝርዝሩም በመጀመሪያው ወር ለየቅሬው ጸሐፊ ይድረስ፤ ልጁ ሦስት ቀን ከቀረ ሆምሩሙ የሚደውለው ለጸሐፊው ነው።