ማስተካከያ፦ ስለ አያት ሰፈር እጮኛሞች ትውውቅ

በቅርቡ ስለተጫጩት የአያት ሰፈር ጥንዶች በስፋት የተሰራጨው ጽሑፍ፣ ሁለቱ በ2005 ዓ.ም. ከአያት በተነሳ ቀላል ባቡር ውስጥ ተያይተው ወዲያው እንደተዋደዱ ይገልጻል። ይህ ትክክል አይደለም። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር አገልግሎት የጀመረው በ2008 ዓ.ም. በመሆኑ፣ በተባለው ዓመት የሚሳፈሩበት ባቡር አልነበረም።

እጮኛሞቹ ለየብቻ ተጠይቀው በሰጡት ቃልና የሙሽሪት ታላቅ እህት ባረጋገጡት መሠረት፣ የተገናኙት በ2009 ዓ.ም. ከመገናኛ ወደ አያት በሚሄድ ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ነው። ረዳቱ ዝርዝር ስላጣ የሁለቱንም መልስ በአንድ አሥር ብር አድርጎ «ተካፈሉ» ብሎ ሰጣቸው (በዚያ መስመር ለተመላለሰ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም)፤ ወርደውም ብሩን ለመዘርዘር ከሱቅ ሱቅ ሲዞሩ ወሬ ጀመሩ፣ የሚዘረዝር ሲጠፋም እሷ ብሩን ይዛ የእሱን ድርሻ በኋላ ልትሰጠው ስልክ ተለዋወጡ። ፍቅሩ ግን የዚያን ቀን አልመጣም፤ ሙሽሪት እንደምትለው ልቧ ያዘነበለው ከወራት በኋላ፣ አባቷ ታመው በተኙበት ጊዜ ማንም ሳይጠራው ማታ ማታ እየመጣ ሲያስታምማቸው ካየች በኋላ ነው።

የዓመቱ ስሕተት መዘዝ አስከትሏል። ሙሽሪት በ2009 የ21 ዓመት ወጣት የነበረች ሲሆን፣ 2005ን ይዘው ያሰሉ አንዳንድ አንባቢዎች «በ17 ዓመቷ አጫት» በማለት ሙሽራውን ያለ ጥፋቱ ወቅሰዋል። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ለጋብቻ የተደነገገውን የ18 ዓመት ዕድሜ ሙሽሪት ያለፈችው ሳይተዋወቁ ነው፤ ሽማግሌ የተላከውም ዘንድሮ ነው። የቀድሞውን ጽሑፍ ያጋሩ ሰዎች ይህንን ማስተካከያ አብረው እንዲያጋሩ ቤተሰቡ ጠይቋል።