«ናቹራል» የማን ቆዳ ነው?

የእህቴ ልጅ ለኒካዋ ፋውንዴሽን የሚባለውን የፊት ቀለም ቅባት ስትገዛ አብሬያት ነበርኩ። ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ካሉት ኮስሞቲክስ ቤቶች አንዱ ገባን። ልጅቷ የቀይ ዳማ ናት። ባለሱቋ ፊቷን አየት አድርጋ አንድ ጠርሙስ አወረደች። «ይሄን ውሰጂ እህቴ፣ ትንሽ ቀላ ያደርግሻል።» ጠርሙሱ ላይ «ናቹራል» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል አለ። እጇ ላይ ቀባችላት። በሱቁ አምፖል ያምራል። ከፈልን።

ፎቶው ሲመጣ ፊቷ ሌላ፣ አንገቷ ሌላ። እናቷ «ዱቄት ስትነፊ ነው እንዴ የመጡልሽ?» አለቻት። ሳቅን። ልጅቷ ግን ያን ፎቶ እስከዛሬ ለሰው አታሳይም።

ናቹራል ማለት ተፈጥሯዊ ነው። የማን ተፈጥሮ? መደርደሪያው ላይ ነጣ ያሉት «ናቹራል» እና «ኑድ» ይባላሉ። ኑድ ራቁት ማለት ነው፤ ራቁት ገላ ሁሉ የነጣ ይመስል። ጠቆር ወዳሉት ሲደረስ ስሙ ካራሜል፣ ቸኮሌት፣ ሞካ ይሆናል። ሞካ ደግሞ ድሮ ቡና ይጫንበት የነበረ የየመን ወደብ ነው። የቡና አገር ሆነን ስሙ በወደቡ በኩል ዞሮ ፊታችን ላይ መጣ። እኛ እኮ ቡናማ ጫማ እንላለን እንጂ ቡናማ ሴት አንልም።

እውነቱን ለመናገር እኛም ከፍሬና ከፈረስ ተውሰናል። ብስል ቀይ እንላለን። ዳማም የፈረስ መልክ ነው። ስለዚህ በምግብ መጠራቱ ብቻውን አያናድደኝም። የሚያናድደኝ የአንዷ ቆዳ እንዲሁ ቆዳ ሆኖ የሌላዋ ከረሜላ መሆኑ ነው።

ጥያቄው የቆየ ነው። ክሬዮላ የተባለው የአሜሪካ የከለር ኩባንያ «የሥጋ ቀለም» ይለው የነበረውን ነጣ ያለ ከለር እ.ኤ.አ. በ1962 «ኮክ» ብሎ ቀየረው። ዘፋኟ ሪሃና እ.ኤ.አ. በ2017 ፌንቲ ቢዩቲ የተባለውን የመዋቢያ ድርጅቷን ስትጀምር 40 ዓይነት ፋውንዴሽን አወጣች፤ መለያቸው ቁጥር ነው። ቁጥር አያዳላም። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ዩኒሊቨር የተባለው ኩባንያ «ፌር ኤንድ ላቭሊ» ከሚለው የቆዳ ማቅያ ክሬሙ ስም ላይ «ፌር»ን፣ ማለትም ነጣ ያለ የሚለውን፣ አውጥቶ «ግሎው»ን፣ ማለትም ወዝን፣ አስገባ። ክሬሙ ግን ያው ክሬም ነው፤ ስም ብቻ ሲቀየር ብዙም አይደንቀኝም።

ከውጭ ሰው በፊት ደግሞ ራሳችንን እንይ። ጠይም፣ ጥቁር፣ ብስል ቀይ፣ የቀይ ዳማ የሚሉ ሸጋ ቃላት እያሉን «ጥቁር ናት ግን ታምራለች» እንላለን። ያቺ «ግን» ከየትኛውም ጠርሙስ ስም ትብሳለች። «የወሎ ቆንጆ» ሲባልም ብዙ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣው ቀይ ፊት ነው። ገበያ ቀን ወጥቶ ሰውን ያየ እንዲህ አያስብም።

ባለፈው ሰሞን ወደዚያችው ሱቅ ተመለስኩ። ፎቶውን አሳየኋት፣ በእህቴ ልጅ ፈቃድ። ባለሱቋ ደነገጠች። አሁን ቀለሙን የምትሞክረው እጅ ላይ ሳይሆን መንጋጋ ላይ ነው፣ ያውም ደንበኛዋን በር ላይ አውጥታ በቀን ብርሃን። ጠርሙሶቹ ላይም ነጭ ፕላስተር ለጥፋ በእስክሪብቶ ጽፋለች፦ ብስል ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም። «ጥቁር» የሚል ፕላስተርም ቆርጣ አስቀምጣለች። የምትለጥፍበት ጠርሙስ ግን የላትም። «አምጡልኝ ብዬ ነበር፣ አከፋፋዩ አይሸጥም አለኝ» አለችኝ።