ከንቲባው፣ ደወሉና አውራ ዶሮው

ፈረንሳይ 35,000 ገደማ ኮሙኖች (የየራሳቸው ከንቲባና ምክር ቤት ያላቸው መንደሮችና ከተሞች) አሏት፤ ከግማሽ የሚበልጡት 500 ነዋሪ እንኳ የላቸውም። በደቡብ ምሥራቅ ያለችው ሮሽፉርሻ ለዓመታት አንድ ነዋሪ ብቻ ሲመዘገብባት ኖራለች። ሕጉ ግን ከ100 ሰው በታች ላላት ኮሙን ሁሉ ሰባት የምክር ቤት ወንበር ይመድባል። ከተቀማጩ ወንበሩ በዛ!

የትንንሾቹ መንደሮች ምርጫ እስከ 2020 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ዋና የቂም መወጫ ነበር። መራጩ ከመጋረጃው ጀርባ እስክሪብቶውን መዝዞ አጥር የገፋበትን፣ ውሻው የሚጮህበትን፣ ሰላምታ የነፈገውን ዕጩ ስም ከምርጫ ወረቀቱ ላይ ይሰርዝ ነበር። ቆጠራው በሕዝብ ፊት ስለሆነ ዕጩው ስንት ጎረቤት እንደሰረዘው ማታውኑ ያውቅ ነበር። ማን እንደሰረዘው ግን አያውቅም ነበር። በማግስቱ ዳቦ ቤት (ከቀረላቸው) ሰልፍ ላይ "ቦንዡር" እየተባባሉ በጎን ይተያዩ ነበር። ከማርች 2026 ጀምሮ ወንድና ሴት የተፈራረቁበት የዕጩዎች ዝርዝር እንዳለ ይመረጣል፤ ስም የሰረዘ ድምፁ ይጣላል።

ለቂም ግን ደወሉ አሁንም አለ። መንግሥትና ሃይማኖት በሕግ ከተለያዩበት ከ1905 በፊት የተሠሩት የመንደር አብያተ ክርስቲያናት በአብዛኛው የኮሙኑ ንብረት ናቸው፤ ደጀ ሰላም ረግጦ የማያውቅ ከንቲባም ጣሪያው ባፈሰሰ ቁጥር ገንዘብ ሲለምን ይከርማል። የእረፍት ቤት የገዛ ከተሜ "ደወሉ እንቅልፍ ነሳኝ" ካለ ደግሞ የትኛው እንደሆነ መለየት አለበት። ሰዓት የሚቆጥረው ደወል ከንቲባውን ይመለከታል፣ ለጸሎት የሚደወለው ቄሱን። ማዘጋጃ ቤቱ በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን ቢከፈት ነው፤ ቄሱም ብዙ አጥቢያ ደርቦ ስለያዘ ከመኪናው አይወርድም።

ዶሮን መክሰስማ የባሰ ነው። በኦሌሮን ደሴት ሞሪስ የተባለ አውራ ዶሮ ጎረቤቶችን አስመርሮ ባለቤቱ ተከሰሰች፤ በሴፕቴምበር 2019 የሮሽፎር ፍርድ ቤት ለእሷ ፈርዶ ከሳሾቹን 1,000 ዩሮ አስከፈላቸው። በጃንዋሪ 2021 የወጣ ሕግ የገጠሩን ድምፅና ሽታ ከአገር ቅርስ ቆጠረው። ፍግም ለወግ በቃ! በአፕሪል 2024 ደግሞ ሌላ ሕግ ተጨመረ፦ ቀድሞ የነበረ ሥራ ደንቡን ጠብቆ በነበረበት እስከቀጠለ ድረስ፣ ዘግይቶ የመጣ ጎረቤት "ረበሸኝ" ብሎ ካሳ አያገኝም።

ስለዚህ ቤት ገዢ ደላላው በቀጠረው ሰዓት አይሂድ፤ ደላላ የሚቀጥረው ዶሮው አሸልቦ ትራክተሩ በቆመበት ሰዓት ነው። ጎህ ሲቀድ ይሂድ፣ ቢቻል በመስከረም እሑድ፣ የአደን ወቅት ከተከፈተ በኋላ። መስኮቱን ከፍቶ ሩብ ሰዓት ይቁም፤ ከብቶቹ በየት በኩል እንዳሉ ነፋሱ ይነግረዋል። ከዚያ ዋጋውን ይከራከር።