ሕጉን የኛ ያደረገው ማን ነው?

የ1952 ዓ.ም.ን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያላችሁ ሰዎች መጀመሪያ መቅድሙን አንብቡ። ሕጉ ሲዘጋጅ በጥንታዊው ፍትሐ ነገሥት ውስጥ የሚታየው የኢትዮጵያ የሕግ ባህል መነሻ እንደነበረ በንጉሠ ነገሥቱ ስም ይናገራል። ከዚያ ወደ መጨረሻው ገልጣችሁ አንቀጽ 3347 ላይ ድረሱ። ይህ ሕግ በደነገጋቸው ጉዳዮች ላይ ቀድሞ የነበረው ደንብ፣ የተጻፈም ይሁን የልማድ፣ በግልጽ ካልተፈቀደ በቀር ተሽሯል ይላል። ፊት ለፊት የተመሰገነው ከኋላ ተሻረ።

ስለ ሕጋችን ታሪክ ስናወራ ብዙ ጊዜ ክርክሩ አንድ ቦታ ይቆማል። አንዱ «ሕጋችን ከፈረንጅ የተቀዳ ነው» ይላል። ሌላው «የኛ ሕግ ፍትሐ ነገሥት ነው» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም የሚጠይቁት መጽሐፉ የት እንደተወለደ ነው። እኔ ጥያቄው ራሱ ስቷል ባይ ነኝ።

ፍትሐ ነገሥትም እኮ ከውጭ የመጣ ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግብጽ ውስጥ ኢብን አል አሳል የተባለ የቅብጥ ሊቅ በዐረብኛ አዘጋጀው። ከቅዱሳት መጻሕፍት፣ ከቀኖና፣ ከሮማውያን ሕግ ለቃቀመ። በኋላ ወደ ግእዝ ተመለሰ። ታዲያ የኛ ያደረገው ማን ነው? የቤተ ክርስቲያን መምህራን ናቸው። ጉባኤ ቤት ተቀምጠው ግእዙን በአማርኛ ፈቱት። «አንድም» እያሉ ለአንድ ቃል ሁለትና ሦስት ትርጉም አወጡለት። ደስ የሚለኝ ደግሞ አንዱን ትርጉም ሲመርጡ ሌላውን አለመጣላቸው ነው።

ከዛፍ ሥር ይሟገት የነበረው ሰው ግን አብዛኛው ያን መጽሐፍ በዓይኑ አይቶት አያውቅም ነበር። እሱ የሚያውቀው «ተጠየቅ» ማለትን፣ የጥንቱን የሙግት ስልት ነበር። ማርና በቅሎ ተወራርዶ ይሟገት ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ተቋጥሮ፣ በቁራኛ ተያይዘው ዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር። ዛሬ «በዓይነ ቁራኛ» ስንል ያ ቋጠሮ አብሮን አለ። የጉራጌው ቂጫ፣ የአፋሩ መድዓ፣ የሶማሌው ሔር የተባሉት ባህላዊ ሕጎችም በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የሉም። ሕዝብ ግን ሲዳኝባቸው ኖሯል። እነዚህን ትቶ የሚጻፍ የሕግ ታሪክ የመጻሕፍት ታሪክ ብቻ ነው።

የፍትሐ ብሔሩን ረቂቅ በፈረንሳይኛ ያዘጋጁት ፕሮፌሰር ረኔ ዳቪድ፣ ኢትዮጵያ እንደ ሮማውያንና እንደ እንግሊዞች 300 ወይም 500 ዓመት መጠበቅ አትችልም ብለው ጽፈዋል። ችኮላው ይገባኛል። ግን ረቂቁን ወደ አማርኛ የመለሱት ተርጓሚዎችም ባዶ እጃቸውን አልነበሩም። «ይርጋ» የሚለውን ቃል ውሰዱ። ጊዜ ያለፈበት ክስ አይቀሰቀስም ማለት ነው። ሥሩ «ረጋ» ነው፤ የተበጠበጠው ነገር ይርጋ፣ ይቀመጥ። ገበሬው ያለ ጠበቃ ይገባዋል። እኛ ግን አማርኛው ሲያሻማን ወዲያው እንግሊዝኛውን እናገላብጣለን። ሲብስም ፈረንሳይኛውን። የራሳችንን ቃል ከየት መጣህ ብሎ የሚጠይቀው ጥቂት ሰው ነው። ይህ ያሳዝነኛል።

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመጨረሻ ፍርድ ላይ የታየን የሕግ ስሕተት የሚያርመው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት፣ ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ትርጉሙ አንድ ሆነ ማለት ነው። ለባለጉዳይ ጥሩ ነው፤ ጎንደር ሲሄድ አንድ፣ ሐዋሳ ሲሄድ ሌላ ሕግ አይጠብቀውም። ግን ብዙዎቻችን የሰበር ውሳኔዎች የታተሙባቸውን ቅጾች የምንከፍተው ማን ረታ የሚለውን ለማየት ነው። ከውሳኔው ሥር የታተመውን፣ ከብዙኃኑ ያልተስማማው ዳኛ የጻፈውን የልዩነት ሐሳብ እንዘለዋለን። ያ ሐሳብ የዘመናችን «አንድም» ነው። የሕግ ተማሪዎች ከዚያ እንዲጀምሩ እፈልጋለሁ፤ የተሸነፈውን ዳኛ ሐሳብ ጮክ ብለው ያንብቡ፣ ይሟገቱበት፣ ለምን እንዳላሳመነ ይጻፉ።