ባክቴሪያን ለማሻሻል አልትራቫዮሌት ይቅደም
የባክቴሪያ ዝርያን በሚውቴሽን (በዲኤንኤ ላይ በሚደርስ ለውጥ) ለማሻሻል የተነሣ ተመራማሪ እንደ አልትራቫዮሌት ያለ ጨረርንና ኬሚካልን የሚያወዳድረው ብዙውን ጊዜ በሚያስገኙት የሚውቴሽን ብዛት ነው። በዚህ መለኪያ ናይትሮሶጓኒዲን የተባለው ኬሚካል አብዛኛውን ጊዜ ያሸንፋል፤ እጅግ ብዙ ሕዋስ ሳይገድል ብዙ ለውጥ ያመጣልና። እኔ ግን መለኪያው ራሱ ያሳስታል ባይ ነኝ።

ናይትሮሶጓኒዲን ከዲኤንኤ ፊደላት አንዱ በሆነው ጓኒን ላይ ሜቲል የተባለ ትንሽ የካርቦንና የሃይድሮጅን ቅንጣት ይጨምራል፤ የተለወጠው ጓኒን ዲኤንኤው ሲባዛ ከተለመደው ጥንዱ ከሳይቶሲን ይልቅ ከታይሚን ጋር ይጣመራል። ኬሚካሉ በርትቶ የሚሠራው ዲኤንኤው በመባዛት ላይ ባለበት ስፍራ ስለሆነም ለውጦቹ ተጠጋግተው ይከሰታሉ፤ ስለዚህ አንዱን ጠቃሚ ለውጥ ስንመርጥ በአጠገቡ ያሉትን ጎጂዎችም አብረን እንወስዳለን። የሚውቴሽንና የመምረጥ ዙሩ በተደጋገመ ቁጥር ምርቱ ቢጨምር እንኳ ሕዋሱ እየደከመ፣ እድገቱም እየዘገየ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2002 የጃፓን ተመራማሪዎች በተደጋጋሚ ሚውቴሽን ከዳበረ ኮሪኔባክቴሪየም ግሉታሚከም የተባለ ባክቴሪያ ዝርያ ሦስት ጠቃሚ ለውጦችን ብቻ ለይተው ወደ መነሻው ዝርያ ሲያስገቡ፣ አዲሱ ዝርያ በሊትር 80 ግራም ያህል ላይሲን የተባለ አሚኖ አሲድ ሰጥቷል። የቀረው የለውጥ ክምችት ለዚህ ውጤት አላስፈለገም ማለት ነው።

በ254 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት የሚያበራ የአልትራቫዮሌት መብራት ርካሽ ነው፤ ሲጠፋም አደጋው አብሮ ያበቃል። ናይትሮሶጓኒዲን ግን ካንሰር አምጪነቱ የሚያሰጋ ከመሆኑም በላይ ከአልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ ከሆነ ንጥረ ነገር) ጋር ሲገናኝ ዳያዞሜቴን የተባለ መርዛማና ፈንጂ ጋዝ ያወጣል። በእርግጥ አልትራቫዮሌትም ጥንቃቄ ይሻል፦ ብዙ ባክቴሪያዎች በሚታይ ብርሃን የሚነቃ ጠጋኝ ኤንዛይም ስላላቸው፣ ጨረር የተቀበለው ናሙና በቀይ ወይም በቢጫ ብርሃን ካልተያዘ ጉዳቱ ተጠግኖ ድካሙ ከንቱ ይቀራል። ጋማ ጨረር ደግሞ የዲኤንኤውን ሁለት ገመዶች ስለሚበጥስ ጂን ለማጥፋት እንጂ ለረቂቅ ማስተካከያ አይመችም።

በአልትራቫዮሌት የማይለወጡ ባክቴሪያዎችም አሉ። ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዜ የተባለው ባክቴሪያ የዲኤንኤ ጉዳትን ስሕተት እየሠራም ቢሆን የሚያልፍ የጥገና ሥርዓት ስለሌለው በዚህ ጨረር ይሞታል እንጂ አይለወጥም፤ እንዲህ ላለው ባክቴሪያ ኬሚካል ተገቢ ምርጫ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ፣ ብዙ ዘገባዎች የተገደለውን ሕዋስ መቶኛ በጥንቃቄ መዝግበው የተፈተሹትን ኮሎኒዎች (ከአንድ ሕዋስ የተራቡ የባክቴሪያ ክምችቶች) ብዛትና የተመረጠው ዝርያ ከመነሻው ጋር ሲነጻጸር ያለውን የእድገት ፍጥነት መዝለላቸው ነው። እነዚህ ሁለቱ ሳይታወቁ የትኛው ዘዴ እንደተሻለ መፍረድ አይቻልምና የሳይንስ መጽሔት አዘጋጆች እነዚህን መረጃዎች ሊጠይቁ ይገባል።