ማስተካከያ፦ የፊልም ዘመን የኒኮን ሌንሶች በዲጂታል ካሜራ ላይ

በደብረ ብርሃን ፎቶ ቤቶች የሚዘዋወረው መልእክት «ኒኮን የሌንስ መግጠሚያውን ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይዞ ስለቆየ ማንኛውም የድሮ ሌንስ ዲጂታሉ ላይ እንደ ልብ ይሠራል» ይላል። መግጠሚያው በዲኤስኤልአሮቹ (በውስጣቸው መስታወት ባላቸው ዲጂታል ካሜራዎቹ) መቀጠሉ እውነት ነው፤ ድምዳሜው ግን ስህተት ነው።

የአምራቹ መመሪያ መጽሐፍ እንደሚያሳየው ዲ3400 እና ዲ5600 የተባሉት ካሜራዎች በውስጣቸው የፎከስ ሞተር (ሌንሱን አዙሮ ምስሉን የሚያጠራ) የላቸውም። «ኤኤፍ-ዲ» ሌንስ (የራሱ ሞተር የሌለው፣ በካሜራው ሞተር የሚዞር) ሲገጠምባቸው ብርሃኑን ይለካሉ፣ ፎከሱ ግን በእጅ ይዞራል። ሠርግ ለሚያነሳ ሰው ይህ ትልቅ ጉዳት ነው፤ ሙሽሮቹ እየተራመዱ ፎከሱ ያመልጣል። ዲ7200 ሞተሩ አለው። ሆኖም ከ1977 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራና ያልተሻሻለ ሌንስ በግድ ከተገጠመበት፣ በመግጠሚያው ዙሪያ ያለችውን የአፐርቸር (የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ) ማንበቢያ ጥርስ ሊሰብር ይችላል።

ለእነ ዲ3400 ያገለገለ ሌንስ የሚገዛ «ኤኤፍ-ኤስ» (ሞተሩ በሌንሱ ውስጥ ያለ) የሚል ጽሑፍ ይፈልግ።