«ገና አልበቃሁም» እያልን እስከ መቼ?

እስቲ ወገኖቼ፣ ዛሬ ሳንሸነጋገል እናውራ። ለምን አትቆርቡም ስትባሉ መልሳችሁ አንድ ነው፤ «ኧረ እኔ ገና አልበቃሁም!» መቼ ነው የምትበቁት? ስታረጁ? ጉልበት ከድቷችሁ ኃጢአቱ ራሱ ሲሸሻችሁ?

እኔም በዚህች መልስ ለዓመታት ተሸፍኛለሁ። ትሑት ታስመስላለች፣ ማንም አይሞግታችሁም። እውነቱ ግን ከወንድሜ ጋር ተኳርፈን ነበር፤ ሥጋ ወደሙን ፈራሁ እያልኩ የምፈራው ይቅርታ መጠየቁን ነበር።

«ሳይገባው የበላ ዕዳ አለበት» የሚለውን የጳውሎስን ቃል እየጠቀሳችሁ ትሸሻላችሁ። 1ኛ ቆሮንቶስ 11ን ግን ከፍ ብላችሁ ጀምሩት። ሐዋርያው የተቆጣው ያለው ቀድሞ በልቶ ሲሰክር የሌለው ስለሚራብ ነው፤ ድሃውን አሳፍረው ነው የጌታን እራት በላን የሚሉት። ደግሞም «ሰው ግን ራሱን ይፈትን» ብሎ አላቆመም፣ «እንዲሁም ከእንጀራው ይብላ ከጽዋውም ይጠጣ» አለ እንጂ። ፈትኖ ቤቱ ይቀመጥ አላለም።

በቅዳሴ «ቅድሳት ለቅዱሳን»፣ ማለትም የተቀደሰው ለቅዱሳን ነው ሲባል ምን እንደምንመልስ ልብ ብላችኋል? «አዎ፣ እኛ ነን» አንልም። አብ ቅዱስ ነው፣ ወልድ ቅዱስ ነው፣ መንፈስ ቅዱስ ቅዱስ ነው እንላለን። ቅድስናው የእርሱ ነው፤ ከእኛ የሚገኘው ረሃባችን ብቻ ነው። መድኃኒት የሚወስደው የታመመ አይደል እንዴ?

ይህን ስላችሁ ደግሞ «በቃ ጸጋ ነው» ብላችሁ ዘው እንዳትሉ! የሰው ገንዘብ በልታችሁ ሳትመልሱ፣ ንስሐ ሳትገቡ፣ ጎረቤታችሁን በሐሜት ስታኝኩ አድራችሁ ጠዋት ከፊት የምትሰለፉትን ጭምር ነው የምናገረው፤ እናንተማ ከፈሪው ትብሳላችሁ። ማቴዎስ 5 ላይ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ፣ ከወንድምህ ታረቅ፣ ከዚያም መጥተህ አቅርብ ተብሏል። ደፋሩ «ሂድ» የሚለውን ይዘላል፣ ፈሪው «መጥተህ» የሚለውን።

ወንድሜ ጋ የደወልኩ ዕለት ወሬያችን አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ለዚያች አምስት ደቂቃ ስንት ዓመት ከኋላ ቆሜ እንዳስቀደስኩ ሳስብ አሁንም ያናድደኛል።